የሽልማት ምሽት በአካል፦ ቲኬቱ ያዋጣል?

ሎስ አንጀለስ የሚኖር አበሻ ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣበት ቁጥር «ኦስካር መግባት ይቻላል ወይ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሥነ ሥርዓቱን ወደሚያስተናግደውና 3,400 ያህል ወንበሮች ወዳሉት ዶልቢ ቲያትር የሚገባው ይህን የፊልም ሽልማት በሚሰጠው አካዳሚ የተጋበዘ ሰው ሲሆን፣ ቲኬቱ ለሕዝብ አይሸጥም፤ የተጋበዘውም ሰው ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይፈቀድለትም። ስለዚህ እዚህ የምገመግመው ማንም ገዝቶ ሊገባባቸው የሚችሉትን፣ በተለይም የሙዚቃ ሽልማቶችን ነው። እኔ ራሴ በሁለት መንገድ ገብቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ከፍዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳልከፍል።

ከፍዬ የገባሁበት ቲኬት 240 ዶላር፣ የመኪና ማቆሚያው ደግሞ 50 ዶላር አስወጥቶኛል። በኒውዮርክ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ሥርጭት በሎስ አንጀለስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስለሚውል፣ ታዳሚው ሙሉ ልብስና የራት ቀሚስ ለብሶ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ቀይ ምንጣፉ ለካሜራ እንጂ ለቲኬት ገዢ የተዘረጋ ባለመሆኑ እኛ በጎን በር ገባን። ወንበሬ ከላይኛው ፎቅ ስለነበር ዘፋኞቹን ያየኋቸው በግዙፉ ስክሪን ላይ ነው፤ ማለትም እህቴ ቤቷ ቡና እያፈላች የምታየውን ምስል እኔ አንገቴን አጣምሜ አየሁ። በማስታወቂያ እረፍት አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ከመድረኩ በስተግራ ለተቀመጡት ምን ሆኖ እንደተጨበጨበላቸው በጽሑፍ መልእክት የነገረችኝም እሷው ናት። ማጉረምረሜ አይደለም፤ አዳራሹ በዚያች ሌሊት የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ነውና፣ መብራቱም ድምፁም የሚቃኘው ቤቱ ላለው ተመልካች ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወንበር መሙላት ይባላል። ዕጩው ሊሸለም ወይም ሊዘፍን ወደ መድረክ ሲሄድ፣ አንዳንዱም ሽልማቱ ሲያመልጠው ተነሥቶ ሲወጣ፣ የፊተኛው ረድፍ በካሜራ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ቦታው ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ፎቶግራፌን ልኬ አመለከትኩ፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሼ እንድመጣ ተነገረኝ፤ በር ላይ ስልኬን ተቀበሉኝ፤ ታዋቂ ሰው ካላናገረህ አታናግር፣ ፊርማም አትጠይቅ ተባልኩ። ክፍያ የለውም፤ ምግብም የለውም፤ ለሰዓታት በጠባብ መተላለፊያ ላይ መቆም ግን አለበት። ማስታወቂያው ሲጀምር የጆሮ ማዳመጫ ያደረገች ልጅ በጣቷ ትጠቁማለች፤ ባለቤቱ እስኪመለስ ትቀመጣለህ፤ ሲመለስ ደግሞ ሠርግ ቤት የሽማግሌ ወንበር ላይ እንደተገኘ ልጅ ብድግ ትላለህ።

ሆኖም የምሽቱን ዋና ነገር ያየሁት ከዚያ ወንበር ላይ ነው። በቴሌቪዥን የማይታዩት እነዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ከዝግጅቱ ሁሉ ይበልጣሉ። ካሜራው ሲጠፋ ፈገግታዎች ይረግባሉ፣ ጫማ ይወልቃል፣ ተቀናቃኝ የተባሉ ሰዎች ተቃቅፈው ያወራሉ፣ የመድረክ ሠራተኞች አንድን ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ ጓዝ ጎትተው አውጥተው ሌላ ይተክላሉ። ይህን የላይኛው ፎቅ ቲኬት በምንም ዋጋ አያሳይም።

በአካል መገኘትን የሚደግፍ ሌላም ክርክር አለ፤ ያልተጠበቀ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2022 ተዋናዩ ዊል ስሚዝ ኮሜዲያኑን ክሪስ ሮክን በኦስካር መድረክ ላይ በጥፊ ሲመታ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተመልካች ድምፁ ተቋርጦበት ግራ ሲጋባ፣ ዶልቢ ውስጥ የነበረው ታዳሚ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀርበው የአቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) ጉዳይ ነው። በ2020 መጨረሻ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት አንድም ዕጩነት ሳያገኝ ቀርቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሥራዎቹን ለውድድር እንደማያቀርብ ያስታወቀው ይህ ዘፋኝ፣ በየካቲት 2025 ሳይታሰብ በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈነ። ያን ምሽት ግራሚው በተካሄደበት ክሪፕቶ ዶት ኮም አሬና ውስጥ የነበረ አበሻ፣ የላይኛው ፎቅ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ገንዘቤ ተቃጠለ የሚል አይመስለኝም። ችግሩ እንዲህ ያለው ምሽት የትኛው እንደሆነ ቲኬት ሲገዛ አለመታወቁ ነው።

ሙዚቃ ወዳጅ የሆነ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ግራሚ ከ90 በላይ ዘርፎች ቢኖሩትም ማታ በቴሌቪዥን የሚሰጡት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጃዙ፣ ክላሲካሉ፣ በ2024 ተጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ የወሰደችው የአፍሪካ ሙዚቃ ዘርፍም ጭምር፣ ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው ዝግጅት ላይ ይሰጣሉ። ይህ ዝግጅት በኢንተርኔት በነጻ ይተላለፋል፤ ንግግሩም ከማታው ይልቅ ልብ ይነካል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለላይኛው ፎቅ 100 ዶላር እንኳ አልከፍልም፤ ወንበር ለመሙላት ግን ነገም ብጠራ እሄዳለሁ። ከአገር ቤት ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ዶልቢን በአዘቦት ቀን በአስጎብኚ ማየት ይበቃል። ከመግቢያው ዓምዶች ላይ ከ1928 ጀምሮ የምርጥ ፊልም አሸናፊዎች ስም ተራ በተራ ተጽፏል፤ ቦታው እስከ 2071 ድረስ ለሚመጡት አሸናፊዎች ባዶውን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አክስቴ ፎቶ የተነሣችው ከባዶው አጠገብ ነው።