ልጆቼን አዲስ አበባ የክረምት ድራማ ትምህርት አስገብቼ ያየሁት

ስለ ሆቴል፣ ስለ መኪና ኪራይና ስለ ሬስቶራንት የሚጽፍ ሞልቷል። ልጆች ይዞ ለክረምት አገር ቤት የሚገባ ወላጅ ግን ዋናው ጭንቀቱ ሌላ ነው፦ ዘመድ ጥየቃው ካለቀ በኋላ እነዚህ ልጆች የት ይዋሉ? እኔ የድራማ ትምህርት አስገባኋቸው። ሁለት ቦታ ስላየሁ፣ ለሚመጣው ክረምት ለሚያስቡ ወላጆች ይጠቅማል ብዬ ልጻፈው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ስድስት። አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ "ደህና አደራችሁ?" ስትላቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ውጭ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ አካባቢ ነው። አዳራሹ ንጹሕ፣ መስታወቱ ግድግዳውን የሸፈነ፣ መጸዳጃ ቤቱ የሚያስመሰግን። ልጅ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል፤ ስሙ ካልተመዘገበ ሰው ጋር ልጅ አይለቁም። በዚህ በኩል አንድም የምለው የለኝም። ትምህርቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያጠኑት የፈረንጅ ካርቱን ዘፈን፣ የሚለብሱት የፈረንጅ ልዕልት ቀሚስ። አስተማሪዋ ጎበዝ ናት፣ ልጆቼም ወደዋታል። ነገር ግን ይሄን እኛ ሰፈር ሜሪላንድም አገኘዋለሁ፤ ለዚህ ብዬ ውቅያኖስ አላቋርጥም። የባሰው ደግሞ ሳንጠየቅ የልጆቻችንን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ስናገር "ማስታወቂያ እኮ ነው፣ ሌሎቹ ወላጆች ደስ ነው ያላቸው" አሉኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አነሱት፤ የቀረውን ክፍያ ግን አልመለሱም።

ሁለተኛውን የጠቆመችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው። መስታወት የለም፣ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። የሚያስተምረው በቴአትር ጥበባት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ነው፤ ልጆቹ "ጋሼ" ይሉታል። እስክስታ የምታስተምር አንዲት ልጅ ታግዘዋለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማሲንቆ ተጫዋች ይመጣል።

አንዱን ጨዋታ በደንብ ልንገራችሁ። አግዳሚዎቹን ደርድሮ ሚኒባስ ያደርጋቸዋል። አንዱ ልጅ ሾፌር፣ አንዱ ረዳት፣ የቀሩት ተሳፋሪ ይሆናሉ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፤ ተሳፋሪው "ወራጅ አለ!" ይላል። ልጄ መጀመሪያ ላይ ጥግ ይዛ ዝም ያለች ተሳፋሪ ሆነች። ጋሼ አልነካትም። ትንሽ ቆይቶ ዶሮ ታቅፈው ገበያ የሚሄዱ እናት አደረጋትና ረዳቱን በጆሮው መልሷን እንዳይሰጣት ነገረው። ልጁ ሂሳቧን ተቀብሎ አለፋት። ዞር ብላ ጋሼን አየችው፤ እሱ ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ከዚያ ዶሮዋን ባንድ እጇ አጥብቃ "አንተ! መልሴን ስጠኝ እንጂ!" አለች፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ። ረዳቱ ዝርዝር የለኝም አላት። "ታዲያ አልወርድም!" አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ መልሷን ፈልጋለች።

በኋላ ጋሼን ስጠይቀው፣ ልጅ በጨዋታ መሀል ስትሳሳት እንደማያርም ነገረኝ። ካረምኳት ታፍራለች ነው የሚለው። የሚጠይቃት "ከዚህ ሰውዬ ምንድን ነው የምትፈልጊው?" ብቻ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ቆጠራ ስልካት የከረምኩት ልጅ ቋንቋውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የምትከራከርበት ነገር አጥታ ነው። ይሄ ነው የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ትልቁ ጥቅም። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ የሚያምረውን አዳራሽ ሳይሆን በአማርኛ የሚጫወቱበትን ምረጡ።

ሐምሌ እንደሚታወቀው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ማንም አይሰማም። ያኔ ጋሼ እጁን ያጨበጭብና ድምፅ የሌለው ድራማ ይጀመራል፤ በእጅና በፊት ብቻ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰው ይጣላና ይታረቃል። ለትንሹ ልጄ ይሄ ትልቅ እረፍት ነበር።

እሱ አፉን የፈታው በሆያ ሆዬ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ስለሆነ ዝግጅቱ ቀደም ብሎ ይጀመራል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ "ሆ!" እያሉ ይቀበላሉ። መጀመሪያ "ሆ" ብቻ በቃው፤ ቀስ በቀስ ግጥሙ ገባው፤ በቡሄ ዋዜማ ወላጅ ተሰብስቦ ሲያይ ማውረድ ካልሰጣችሁኝ ብሎ አስቸገረ። ሙልሙሉንም በሚገባ አገኘ።

ሕፃንን በቴአትር ማሳደግ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚናገሩ አውሬዎች ታሪክ ነበር። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን የብሔራዊ ቴአትር ተዋናይ ስለነበሩ ነው፤ አንበሳውም ጦጣዋም በድምፃቸውና በፊታቸው ይታዩን ነበር። ልጆቹን በ1948 ዓ.ም. ወደተከፈተው ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ፒያሳ ወዳለው፣ በ1927 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ሀገር ፍቅር ይዣቸው ሄጄ ሕንጻዎቹን አሳየኋቸው። ለልጆች ተብሎ የተቋቋመ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርም አለ። የሚታየውን ነገር በአካል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

አራት ኪሎው እንከን የለውም አልልም። ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት አልፎ ይጀመራል፣ መጸዳጃ ቤቱ መታደስ አለበት፣ ልጅ ማን እንደሚወስድ የሚመዘግብ አልነበረም። ወላጆች ተሰብስበን ስንናገር ግን አልተቆጡም፤ በማግስቱ ደብተር ይዘው በር ላይ ቆሙ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። የማጠቃለያ ትርኢቱ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ የክረምት ኮርስ ብዙ ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልቃል፣ የኛ ልጆች ደግሞ ያኔ አሜሪካ ትምህርት ገብተዋል። ክፍያው በየወሩ ይሁን፤ በቴሌብርም ቢሆን ደረሰኝ ተቀበሉ። ቪዲዮን በተመለከተ የምትፈልጉትን በጽሑፍ አስቀምጡ። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ቦቲ አትርሱ።

የአራት ኪሎውን ስልክ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰኔ ሳያልቅ ተመዝገቡ።