ለፍሪጅ የገዛሁት ስታብላይዘር

ፍሪጅ ካላችሁና የሰፈራችሁ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ስታብላይዘር፣ ማለትም ቮልቱን የሚያስተካክል ዕቃ፣ ግዙ። እኔ 1000 ቪኤ (የአቅሙ መለኪያ ነው) የሚለውን ከመርካቶ ገዝቼ እየተጠቀምኩበት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ፊቱ ላይ ሁለት ቁጥር ያሳያል። አንዱ ከሶኬቱ የሚገባው ቮልት ነው፣ ሌላው ወደ ፍሪጁ የሚወጣው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ የሚገባው እስከ 174 ሲወርድ አይቻለሁ። ወዲያው ከውስጥ "ቀጭ" ይልና የሚወጣው 220 አካባቢ ይመለሳል። ድምፁ የሪሌይ፣ ማለትም በራሱ የሚገለባበጥ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። ውስጡ ያለው ቮልት ቀያሪ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የሽቦ ጥቅሉ ላይ የተለያዩ መውጫዎች አሉት፤ ሪሌዩ እንደ ቮልቱ ሁኔታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል።

ይህ የሚቻለው የቤታችን መብራት ኤሲ ስለሆነ ነው። ከረንቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ደርሶ መልስ ይመላለሳል፤ አቅጣጫውን 100 ጊዜ ይቀይራል ማለት ነው። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚህ መለዋወጥ ነው፤ የባትሪ ከረንት ብትሰጡት ዝም ይላል። በነገራችን ላይ 220 የሚባለው የቮልቱ ጫፍ አይደለም። ጫፉ 311 አካባቢ ይደርሳል። 220 የተባለው የ220 ቮልት ዲሲን (እንደ ባትሪ አቅጣጫውን የማይቀይር ከረንት) ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ነው።

ከሁሉም የወደድኩለት ግን ማዘግየቱን ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቶሎ አይለቅም፤ ከ180 ሰከንድ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁን ጋዝ የሚጨምቀው ባለ ሞተር ክፍል) ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይረጋጋ ሞተሩ ልነሳ ቢል ይታገላል፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ቮልቱ ሲወርድም እንደዚያው ነው፤ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ኮምፕረሰር የሚቃጠለው እንዲህ ሲደጋገምበት ነው።

ቅሬታም አለኝ። ገመዱ አጭር ነው። ሌሊት ቀጭቀጭታው ስለሚሰማ መኝታ ቤት አጠገብ አይሆንም። ደግሞ 1000 ቪኤ ማለት 1000 ዋት ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ትርፍ አቅም ያለው ምረጡ። ምጣድማ በጭራሽ እንዳትሰኩበት፣ አይችለውም።

ዘመድ ከአሜሪካ ለላከላችሁ የ120 ቮልት ዕቃም አይሆንም። ለእሱ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ለብቻው ይሸጣል።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ቆጠራውን በዓይናችሁ እዩ። የማያዘገየው ረከስ ቢልም እለፉት።