የሸክላው የአትክልት ድንክዬ፦ ብርዱን ቤት ካሳለፈ ዋጋውን ያወጣል

ለጌጥ አትክልት ቦታ የሚቆመው ጺመ ነጩና ባለ ቀይ ሾጣጣ ቆቡ የድንክ ምስል፣ ጀርመኖች ጋርተንትስቨርግ የሚሉት ድንክዬ፣ ዛሬ ከሸክላ፣ ከሲሚንቶ፣ ከፖሊሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ ከሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ) እና ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል። እዚህ የምንገመግመው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ በእጅ የተቀባውንና ፋኖስ የያዘውን ሸክላ ነው። ከፕላስቲኩ በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

የጀርመን ድንክዬ ዋና መንደር ቱሪንጊያ ውስጥ ያለችው ግሬፈንሮዳ ናት፤ ፊሊፕ ግሪብል የሸክላ ሥራውን እዚያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ፋኖሱ፣ ዶማውና የቆዳ ሽርጡ ማዕድን ቆፋሪ ናቸው ከሚባሉት የተረት ድንኮች የመጡ ናቸው። አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። እንደ እንጀራ ሊጥ የቀጠነ ጭቃ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል፤ ጀሶው ውሃውን ሲመጥ ጭቃው ግድግዳው ላይ ይይዛል፤ የተረፈው ይደፋል። ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያው ይፋቃል፣ እጅና ፋኖሱ በቀጭን ጭቃ ይለጠፋሉ፣ ወደ 1,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይተኮሳል፣ በመጨረሻ ይቀባል። ውስጡ ባዶ፣ ከሥሩም ቀዳዳ ያለው ለዚህ ነው።

ሲገዙ ገልብጠው ቀዳዳው ክፍት መሆኑን ይዩ። ከዚያ ጀበና ሲገዛ እንደሚደረገው በጣት ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ቀለሙ ግን ሸፍኖታል። ብብቱንና የፋኖሱን መያዣ በደንብ ይመርምሩ፤ በጭቃ የተለጠፈ ነገር መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው።

ትልቁ ድክመቱ ውርጭ ነው። የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ደግሞ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መጀመሪያ ቀለሙ ይነሳል፣ ቀጥሎ ሸክላው እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ በመጨረሻ እግሩ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ ቫርኒሽ ይደርብበታል፤ አይረዳም። ውሃው ከታች፣ ቀለም ባልነካው በኩል ይገባና ከቫርኒሹ ሥር ይታፈናል። ምጣድ እንደማሟሸት ያለ ዘዴም የለውም።

የሚያዋጣው ከመሬት ማንሳት ነው። ሦስት ስባሪ ሸክላ ንጣፍ ከሥሩ አስገብተው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ቀዳዳውን እንዳይደፍኑ። ነፋስ እንዳይጥለው ብለው አሸዋ አይሙሉት፣ እርጥብ አሸዋ በውርጭ ጊዜ ከውስጥ ያፈነዳዋል። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት (በግፊት ማጠቢያ ማሽን አይሞከርም)፣ ሳምንት ያህል ያድርቁትና ደረቅ መጋዘን ውስጥ ያስገቡት። ፋኖሱ ከተሰበረ ሁለቱን ወገን አድርቀው ኢፖክሲ በሚባለው ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ይለጥፉ፣ ለ24 ሰዓት በፕላስተር ያስሩ፣ ከዚያ በአክሪሊክ ቀለም ያስተካክሉ።

እንግሊዛዊው ባላባት ሰር ቻርልስ አይሻም እ.ኤ.አ. በ1847 ከጀርመኗ ኑረምበርግ ላምፖርት ሆል ወደሚባለው መኖሪያው ካስመጣቸው 21 የሸክላ ድንክዬዎች የቀረው አንድ ብቻ ነው። ላምፒ ይሉታል፤ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ኢንሹራንስ ተገብቶለት ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ከሌሎቹ ውስጥ ፖሊሬዚን ሲገዛ ያምራል፤ የጺሙ ዘርፍ ሁሉ ይታያል። ፀሐይ ሲበዛበት ግን ቀለሙ ኖራ ይመስላል፣ የቆቡ ጫፍም በቀላሉ ይቀነጠባል። ሲሚንቶው ነፋስ አይነቀንቀውም፣ ፊቱ ግን ደብዛዛ ነው። ፒቪሲ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ውርጭም አይፈራም፤ ቀላል ስለሆነ ግን ከሥሩ አንድ ሁለት ኪሎ ደረቅ አሸዋ ሞልተው ይድፈኑት። በረንዳ ብቻ ላለውና የሚያስገባበት ቦታ ለሌለው የምንመክረው ፒቪሲውን ነው።

አቀማመጡንም ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ድንክዬዎችን ከሰው ግቢ እየሰረቀ ጫካ የሚያስቀምጥ ቡድን ነበር፤ ራሱን የአትክልት ድንክዬዎች ነጻ አውጪ ግንባር ብሎ ነበር (ነጻ አውጪ ግንባር እዚህም አልቀረ!)። ከአጥር ቢያንስ ሁለት ሜትር ገባ አድርጎ፣ ከመንገድ በማይታይበት ቁጥቋጦ ሥር ማስቀመጡ ይሻላል፤ እዚያ ጥላም ስለሚያገኝ ቀይ ቆቡ ቶሎ አይደበዝዝም።