ፒሳንሊ፦ አበባው ዘግይቶ የሚመጣበት ቢራ

አበባ ያለበት ቢራ ሲባል እሸሽ ነበር። ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ጽጌረዳ የገባበት ቢራ ገዝቼ፣ ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የእጅ ሳሙና ሸተተኝ። ግማሹን እንኳ አልጨረስኩትም። ፒሳንሊን የከፈትኩት ይህን እያስታወስኩ ነው።

የሚጠምቀው ፋንቶም ነው። ሶይ በምትባል የቤልጂየም መንደር፣ በአርደን አካባቢ ያለ ትንሽ ጠማቂ ሲሆን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ፒሳንሊ በፈረንሳይኛ ዳንዴሊዮን ማለት ነው። ያቺ ሣር መሀል የምትበቅለው ቢጫ አበባ፣ ስትደርቅ ነጭ ጥጥ መስላ እፍ ሲሏት ብን የምትለው። አልኮሉ 8 ከመቶ ነው።

የቢራው ዓይነት ሴዞን ይባላል፤ ትርጉሙ ወቅት ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው የቤልጂየም ክፍል ገበሬዎች ቀዝቃዛው ወራት ላይ ጠምቀው ያስቀምጡት፣ በጋ ሲመጣ የእርሻ ሠራተኞች ይጠጡት ነበር። በሙቀት የተጠመቀ ቢራ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር ነው። እንዲህ ባለ ቢራ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እርሾው ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ሌላው እርሾ የሚተወውን ስኳር እንኳ አይምርም። ለዚህ ነው ሴዞን ምላስ ላይ የማይጣብቀው።

ስቀዳው አረፋው ገንፍሎ ብርጭቆውን ሞላው። ትንሽ ታገስኩት። ቀለሙ ወርቃማ፣ ደፈረስ ያለ። አሸተትኩት፤ ሽቶ የለም፣ ሳሙና የለም። እርጥብ ሣር፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። አበባው የት ሄደ ብዬ ፉት አልኩ። መጀመሪያ ቆምጠጥ ያለ ነገር፣ ከዚያ የብቅሉ ለስላሳነት። ዋጥኩት። አበባው የመጣው ያኔ ነው! ጉሮሮዬን ካለፈ በኋላ መረር ያለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል፣ መጨረሻው ላይ ማር የሚያስታውስ ጣዕም ከምላሴ ሥር ተነሳ። ማር ያልኩት ጣፋጭነቱን አይደለም፤ የማር ሽታ ብቻ ነው። ይሄን ጣዕም ፍለጋ ደጋግሜ ፉት አልኩ፤ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ አገኘሁት።

ዳንዴሊዮን ራሱ መራራ ተክል ነው። ሌላው ሰው ከአበባ መዓዛውን ብቻ ሲፈልግ፣ እነዚህ ሰዎች መራራነቱን አልፈሩትም። የወደድኩት ይሄንን ነው። ጽጌረዳው ቢራ ላይ የጎደለውም ይሄው ነበር።

አንድ ምክር፦ ከፍሪጅ እንዳወጣችሁት አትጠጡት። የመጀመሪያው ብርጭቆዬ በጣም ቀዝቅዞ ስለነበር ማሩ የተሰማኝ በትንሹ ብቻ ነበር። ሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ በኋላ የቀዳሁት ሌላ ቢራ ነው የሚመስለው። ደግሞ 8 ከመቶ መሆኑን ምላስ አይነግራችሁም፤ እግር ነው የሚነግራችሁ። ጠርሙሱ 75 ሴንቲ ሊትር ስለሆነ ለሁለት ብትካፈሉት ይሻላል። የመጨረሻውን ስትቀዱ አተላው አብሮ ይወርዳል። እኔ አልደፋሁትም፤ የዳቦ ሊጥ የሚሸት፣ ወፈር ያለ፣ ከሁሉም ብርጭቆ መራራው እሱ ነበር።