ባዶ ሕንፃ የሚጠብቅ ኤጀንሲ፦ አጥሩ ደህና ነው፣ ቤቱ ግን

አዳማ ላይ ባዶ ሕንፃ ለማስጠበቅ ኤጀንሲ የምታፈላልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቤቱ የቤተሰብ ነው፣ ጂ ፕላስ ቱ፣ ከፖስታ ቤት ብዙ አይርቅም። ተከራዩ ከወጣ ወዲህ የሚጠይቅ እንጂ የሚገባ አልተገኘም።

ጥሩውን ላስቀድም። ጥበቃዎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፣ ቦታቸውን ለቀው አያውቁም። በሰፈሩ ከሌላ ባዶ ቤት የውሃ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ ገመድ ሲነቀል የኛን የነካው የለም። መዳብ በኪሎ የሚገዛ ባለበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው ውስጥ ነው። ውሉ "ንብረት መጠበቅ" ይላል፣ ለነሱ ግን ንብረት ማለት በርና አጥር ነው። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚሁ ንፋስ ነው። አንድ የላላ ቆርቆሮ በጋውን ሙሉ ሲንኳኳ ከርሞ ክረምት ሲገባ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ኮርኒሱም አብሮ ወረደ። ጥበቃው ድምፁን ሲሰማ ነበር። "ጋሼ፣ ወደ ላይ ውጣ አልተባልኩም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቁልፍ እንኳ አልሰጡትም።

ሽታውስ? ሽንት ቤቱ ውሃ ሳይለቀቅበት ሲቆይ ሲፎኑ (የታጠፈው ቧንቧ) ላይ ቀርቶ ሽታ የሚያግደው ውሃ ይደርቃል፣ ከዚያ የሴፍቲ ታንከሩ ሽታም በረሮውም ሰተት ብሎ ይገባል። አልፎ አልፎ አንድ ባልዲ ውሃ የሚደፋ ሰው ቢኖር ይሄ ሁሉ አይመጣም።

ባዶ ቤት ገቢው ሲቆም ወጪው አይቆምም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ፣ የኤጀንሲው ክፍያ አለ፣ በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት። ከምከፍለው ለጥበቃዎቹ የሚደርሳቸው ግን ግማሹን አይሞላም። ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ብርድና አቧራ የሚበላው እነሱን ነውና።

ከመፈረማችሁ በፊት የካሳውን አንቀጽ እዩት። ዕቃ ቢጠፋ የሚከፍሉት በርክክቡ ላይ ተዘርዝሮ የተፈረመበትን ብቻ ነው። ቧንቧውን፣ ሲንኩን፣ ሮቶውን፣ አምፖሉን ሳይቀር አስመዝግቡ፣ ፎቶም አንሱ።

ለስርቆት ከአምስት አራት፣ ለቤቱ ደህንነት አንድ። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ቁልፍ ተረክባችሁ በየሳምንቱ ካልገባችሁ፣ መስኮት ካልከፈታችሁና ጣሪያውን ካላያችሁ አልፈርምም ብያቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ተጨማሪ ሂሳብ አለው አለ። ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይላክልኝ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።