ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ረስት የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚያስተምረው ወንድማችን፣ ፈጣሪ ይስጥልን

ጅማ ሆናችሁ ረስት የምትጽፉ፣ በተለይ ትሬት ኦብጀክት (የተለያዩ ታይፖችን በጋራ ትሬታቸው የሚይዝ ነገር) ላይ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) አላሳልፍ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮድ አብሮ የሚያይ ጎበዝ ልጅ አለ። ስህተቱን አጥፍቶላችሁ አይሄድም። መጀመሪያ የስህተቱን ቁጥር ያስነብባችኋል፣ ቀጥሎ «የዚህ መጠን ስንት ባይት ነው?» ይላል። አብዛኛው ጣጣ የሚፈታው እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

ምሳሌው የቡና ሚዛን ነው። «ሚዛን» የሚባል ትሬት (ታይፖች ሊኖሯቸው የሚገቡ ሜተዶች ዝርዝር) አለ፤ ዲጂታሉም ባለ ድንጋዩም የየራሳቸው ስትራክት (መረጃቸውን የሚይዝ ታይፕ) አላቸው። ሁለቱን በአንድ ቬክተር (ዝርዝር) ለመያዝ «ዲን ሚዛን» (ትክክለኛው ታይፕ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚለይ «ሚዛን») ብቻ ብትጽፉ ስህተት ኢ0277 ይመጣል፤ አንዱ 8 ባይት፣ ሌላው 40 ሊሆን ስለሚችል ኮምፓይለሩ ስንት ቦታ እንደሚይዝለት አያውቅም። ቦክስ (ዳታውን በአድራሻው የሚይዝ መያዣ) ውስጥ ሲገባ ግን በ64 ቢት ማሽን ሁሌም 16 ባይት ነው፦ 8ቱ ዳታውን፣ 8ቱ ቪቴብሉን (የሜተዶቹን አድራሻ የያዘውን ሠንጠረዥ) ይጠቁማሉ። «ዲን» የሚለውን ቃል መርሳት ከ2021 ኤዲሽን ወዲህ ኢ0782 ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

ከባዱ ኢ0038 (ትሬቱ ለዲን አይሆንም የሚለው ስህተት) ነው፤ የልጁ ችሎታም የሚታየው እዚህ ነው። ለምሳሌ ጄኔሪክ ሜተድ (ለብዙ ታይፕ እንዲሠራ የተጻፈ) ለእያንዳንዱ ታይፕ የተለየ ኮድ ስለሚወጣለት ቪቴብል ላይ የሚሰፍር አንድ አድራሻ የለውም። ሜተዱ ላይ «ዌር ሴልፍ፦ ሳይዝድ» (መጠኑ በታወቀ ታይፕ ላይ ብቻ) ሲጨመር ትሬቱ ለዲን ይሆናል፤ ያ ሜተድ ግን ከዚያ በኋላ በዲን በኩል አይጠራም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። «ክሎን»ን (ቅጂ የሚሠራውን ትሬት) ሱፐርትሬት (ትሬቱ የግድ የሚጠይቀው ሌላ ትሬት) ማድረግ ደግሞ ትሬቱን በሙሉ ያበላሻል፣ ክሎን ራሱ ሳይዝድን ይጠይቃልና። ስለዚህ ክሎኑን አንስቶ፣ የተቀዳውን በቦክስ የሚመልስ ሌላ ሜተድ ያጽፋችኋል።

ቦክሱን ወደ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የፕሮግራሙ ክፍል) የምትልኩት ከሆነ «ፕላስ ሴንድ» (መላክ ይቻላል የሚል ምልክት) መጨመሩን አትርሱ።

በጣም የምናከብረው ደግሞ ዲን የማያስፈልግ ሲሆን በግልጽ መናገሩ ነው። የሚዛኖቹ ዓይነት ሁለት ብቻ ከሆነና ካልጨመረ፣ «ኢነም ይበቃችኋል» (ከተወሰኑ አማራጮች አንዱን የሚይዝ ታይፕ ማለቱ ነው) ብሎ ያሰናብታችኋል።

ስትሄዱ የካርጎ ቼክን (ኮዱን የሚፈትሸውን ትእዛዝ) ውጤት ሙሉውን ያዙ። የስክሪን ፎቶ ላይ ተቆርጦ የሚቀረው የታችኛው ማስታወሻ ነው፤ ትሬቱን ያበላሸው የትኛው ሜተድ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።