ሰደፍ አድሳለሁ ለሚል ሰው ከመክፈላችሁ በፊት

እዚህ ሚኒሶታ አደን የምትወጡ ወገኖች፣ 260 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን በነፃ ልንገራችሁ።

ያገለገለ የአጋዘን ጠመንጃ አለኝ። ሰደፉ ንብርብር እንጨት ነው፤ ግራጫና ጥቁር መስመር ያለው። ለማታውቁት፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ የበርች ልጦች ቀለም ይነከሩና በሙጫ ተደራርበው ይጨመቃሉ፤ ከዚያ ይቀረጻሉ። ኮምፐርሳቶ በሉት፤ ልዩነቱ የልጦቹ አቅጣጫ አንድ መሆኑ ነው። ብርድና እርጥበት ሲፈራረቅበት ቶሎ አይጣመምም። ጀርመኖችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማውዘራቸውን በንብርብር ሰደፍ ይሠሩ ነበር። እንጨቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጣጣው ያለው ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ላይ ነው።

የእኔው መቀርቀሪያው ሥር ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ጀመረው፤ ቀስ እያለም መላጥ ያዘ። ጥፋቱ የራሴ ነው። የአፈሙዝ ማጽጃ ፈሳሽ ሲንጠባጠብበት ቶሎ አልጠረግኩትም።

የሚያድስ ሰው በሰው በሰው አገኘሁ። "አሮጌውን ሙልጭ አድርጌ አነሳና በእጅ የታሸ የዘይት ፖሊሽ እሠራልሃለሁ፤ ሦስት ቀን ይበቃኛል" አለኝ። አያቴ የምንሽሩን ሰደፍ በኑግ ዘይት ሲያሽ እያየሁ ስላደግኩ፣ ዘይት ሲለኝ ልቤ ራራ። መጠርጠር የነበረብኝ ግን እዚያው ጋ ነበር። የተልባ ዘይት (አዎ፣ ያው የኛው ተልባ) አንድ ስስ እጅ ተቀብቶ ለመድረቅ ብቻ ቢያንስ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ደህና ሥራ ደግሞ አምስት ስድስት እጅ ነው። ታዲያ ሦስት ቀን ከየት መጣ?

ልወስደው ስሄድ መስታወት መስሎ ጠበቀኝ። ራሱ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ሳምንት ሳይሞላው የጃኬቴ እጅጌ ይለጠፍበት ጀመር። ይደርቃል ብዬ ሦስት ሳምንት ታገስኩ። አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው እንደ ስልባቦት ተጨማዶ ተነሳ። ከሥሩ ያው የፋብሪካው ሽፋን፣ ከነነጭ ጉሙ! ሰውዬው ምንም አላነሳም። ፖሊዩሬቴን (ፋብሪካው የቀባው እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ሽፋን) ላይ ዘይት አፍስሶበት ነው። ዘይት እንጨት ውስጥ መስረግ አለበት፤ መግቢያ ሲያጣ ላዩ ላይ ወፍሮ ይተኛና እንደተጣበቀ ይከርማል። እጅ እንዳያንሸራትት የተቀረጸው ጥርስ ጥርስ መስመር በዘይት ተደፍኗል። አፈሙዙ የሚተኛበት ቦይ ደግሞ ጠብታ አልነካውም፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ በኩል ሆኖ ሳለ።

ስደውልለት "ደረቅ ቦታ አስቀምጠው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ሽፋኑ ተነስቶ እንጨቱ ራቁቱን ሲቀር መጥታችሁ እንደምታዩት ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ቀብድ ስጡ፤ ቀሪውን ካያችሁ በኋላ። ስታዩ አንድ ጠብታ ዘይት አኑሩበት። ኳስ ሆኖ ከተቀመጠ አሮጌው ሽፋን አለ ማለት ነው። ንብርብር እንጨት ሙጫው ስላለበት ብዙ አይጠጣም፤ ቢሆንም ይደበዝዝና ይሰራጫል። ሽፋኑ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በማይታይ ቦታ የላከር ቲነር በነካ ጥጥ አሹት። ከለሰለሰ ላከር ነው። ንቅንቅ ካላለ ፖሊዩሬቴን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላው፣ ሰደፉን ፈታችሁ እሱን ብቻ ስጡ። የእኔው ሰው ጠመንጃውን ሙሉውን ካላመጣህ ብሎኝ ነበር፤ ደግነቱ እንቢ አልኩ። በአሜሪካ ሕግ መሣሪያ የሚባለው ቁጥር የተመታበት የብረት አካል ነው። ሰደፍ ብቻውን እንጨት ነው። ሙሉ መሣሪያ እየተቀበለ መጠገንን ሥራው ያደረገ ሰው ግን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ራሴ ጋራዥ ውስጥ እየሠራሁት ነው። የሽፋን ማስለቀቂያ ኬሚካል ቀባሁ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ አነሳሁ፣ ጥርስ ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፣ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አለሰለስኩ። ድሮ የተገዛ ማስለቀቂያ ቆርቆሮ ቤታችሁ ካለ ግን አትክፈቱት። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ማስለቀቂያ ሰው ስለገደለ ከ2019 ጀምሮ ለተራ ሸማች መሸጥ ተከልክሏል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳትጥሉ፤ ራሱን በራሱ አግሎ ይቀጣጠላል። እኔ ውጭ አጥሩ ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው።

ሰውዬው ማስታወቂያውን አሁንም ያወጣል። ፎቶው ላይ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቀው ሰደፍ የእኔው ነው።